እንግሊዝኛ የሚጽፍ ተማሪን ማገዝ፦ ትልቁ ፊደል፣ ነጥብና ኮማ፣ የዓረፍተ ነገር አሰካክ

ተማሪው ስምንት መስመር እንግሊዝኛ ጽፎ ሲያመጣላችሁ ቀይ እስክሪብቶ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይህ ስህተት ከየት መጣ? በአማርኛ አፉን የፈታ ተማሪ የሚሠራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የግዴለሽነት አይደሉም። በአማርኛ ትክክል የሆነውን ሥርዓት በታማኝነት ይዞ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር የሚፈጠሩ ናቸው። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ግሳችን ባለቤቱን በውስጡ ይዞ ይዞራል፤ ዓረፍተ ነገራችን ማሰሪያ አንቀጹ፣ ማለትም መዝጊያው ግስ፣ እስኪመጣ ድረስ አይዘጋም። እንግሊዝኛ በሦስቱም በኩል ሌላ ነው። ይህን ያወቀ አራሚ አንዴ አስረድቶ ብዙ ስህተት ይቀንሳል፤ ያላወቀው ግን ያንኑ ስህተት በየሳምንቱ ሲያቀላ ይከርማል።

ከዚህ በታች የእንግሊዝኛ ምሳሌዎችን በድምፃቸው አስቀምጠናል። ከተማሪው ጋር ስትቀመጡ ደብተሩ ላይ በእንግሊዝኛው ፊደል ጻፉለት።

ትልቁ ፊደል፦ የእጅ ችግር ነው ወይስ የሕግ?

ካፒታል ሌተር ላይ የሚታየው ስህተት ሁለት ዓይነት ነው፤ መፍትሔውም የተለያየ ነው። አንዱ የእጅ ነው። ሲ፣ ኦ፣ ኤስ፣ ቪ፣ ደብሊው፣ ኤክስ እና ዜድ ትልቁም ትንሹም መልካቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው ቁመት ብቻ ነው። ኬ፣ ፒ እና ዩም ለዚህ ይቀርባሉ። ተማሪው በቃል መሃል ትልቅ የሚያደርጋቸውን ፊደሎች ለቅማችሁ ጻፏቸው። ሁልጊዜ እነዚህ ብቻ ከሆኑ ሕጉን መቶ ጊዜ ብታስረዱት ለውጥ የለም፤ ችግሩ ቁመት ነው። ባለ አራት መስመር ደብተር አውጡ። ትልቁ ፊደል ከላይኛው መስመር ተነስቶ ሦስተኛው መስመር ላይ ያርፋል። ትንሿ ኤስ በሁለተኛውና በሦስተኛው መስመር መካከል ብቻ ትቀመጣለች። ትንሿ ፒ ደግሞ ሆዷ እዚያው መካከል ሆኖ ጭራዋ ወደ አራተኛው መስመር ይወርዳል። ትልቁንና ትንሹን ጎን ለጎን፣ ከእያንዳንዱ ፊደል አሥር ጥንድ፣ በቀን አምስት ደቂቃ ያጽፉት። ለአንድ ሳምንት ከቀጠላችሁ ልዩነቱ ገጹ ላይ ይታያል።

ሁለተኛው የሕግ ስህተት ነው። ረጅም ዝርዝር ከማስሸምደድ አንድ ጥያቄ ስጡት፦ ይህ ቃል የአንድ የተወሰነ ነገር መጠሪያ ነው ወይስ የዓይነቱ ስም? «ሪቨር» ሲባል የትኛውም ወንዝ ነው፤ ትንሽ ፊደል። «ናይል ሪቨር» ግን የአንዱ ወንዝ ስም ስለሆነ ሁለቱም ቃላት በትልቅ ይጀምራሉ። «ማዘር» እና «ፋዘር» የሚያስቸግሩት አንዴ ዓይነት፣ አንዴ መጠሪያ ስለሚሆኑ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ቃሉን አውጥታችሁ የሰው ስም ተኩበት። «ማይ ማዘር ኢዝ ሂር» ውስጥ «ማይ ሣራ ኢዝ ሂር» ማለት አይሄድም፤ ስለዚህ ትንሽ ፊደል። «ማዘር ኢዝ ሂር» ውስጥ ግን «ሣራ ኢዝ ሂር» ይሄዳል፤ ትልቅ ፊደል። «ዶክተር» ከስም በፊት በማዕረግነት ሲመጣ ትልቅ፣ «ማይ ዶክተር» ሲባል ትንሽ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ጥያቄ የማይፈታቸውን ተማሪው በቃሉ ሊይዛቸው ይገባል። የዓረፍተ ነገር የመጀመሪያ ቃል ሁልጊዜ በትልቅ ይጀምራል። «እኔ» ማለት የሆነችው «አይ» የትም ብትገባ ትልቅ ናት፤ «አይም» እና «አይል» ተብላ ስታጥርም አትቀየርም። የሳምንቱ ቀናትና ወራት በትልቅ ይጀምራሉ፤ ወቅቶች ግን፣ «ሰመር» እና «ዊንተር»፣ በትንሽ ይጻፋሉ። ቋንቋና ዜግነት ትልቅ ፊደል ይወስዳሉ፤ ስለዚህ የትምህርት ዓይነቶችን ሲዘረዝር «ኢንግሊሽ» በትልቅ፣ «ባዮሎጂ» በትንሽ ይጀምራል። ተማሪዎችን በጣም የሚያስገርማቸው ከአገር ስም የወጣ ቅጽል ነው፦ «ጃፓኒዝ ካር» ሲባል የመጀመሪያው ቃል በትልቅ፣ ሁለተኛው በትንሽ ነው።

ሁለት ማሳሰቢያዎች። ሕጉ ሲያስቸግራቸው ጽሑፉን በሙሉ በትልልቅ ፊደል የሚጽፉ አሉ። ቅጽ ሲሞሉ እንዲህ ሊጠየቁ ይችላሉ፤ በድርሰት ግን አትፍቀዱላቸው፣ ምክንያቱም ያወቁትንና ያላወቁትን ይደብቅባችኋል። ስልክም ያው ነው። ኪቦርዱ ከነጥብ በኋላ ፊደሉን በራሱ ትልቅ ያደርገዋል፤ ተማሪው የቻለ ይመስለዋል፣ ወረቀት ሲይዝ ግን ይጠፋበታል። በስልክ የሚለማመድ ከሆነ ከኪቦርዱ ሴቲንግ ውስጥ ፊደሉን በራሱ ትልቅ የሚያደርገውንና ቃል የሚያርመውን አጥፉለት።

ዓረፍተ ነገር የት ያልቃል?

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይህ ነው። ትልቁ ፊደልም ኮማውም ከዚህ በኋላ ይስተካከላሉ፤ ዓረፍተ ነገሩ የት እንዳለቀ ያላወቀ ተማሪ ነጥብም ትልቅ ፊደልም የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም።

ይህን ተመልከቱ፦ «ጠዋት ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ ወደ ትምህርት ቤት ሄደ።» አራት ድርጊት አለ፤ ማሰሪያ አንቀጹ ግን አንድ ነው፤ «ሄደ»። «ተነስቶ»፣ «ታጥቦ» እና «በልቶ» ቦዝ አንቀጾች ናቸው፤ ብቻቸውን አይቆሙም፣ ስለዚህ ነጠላ ሰረዝ ይበቃቸዋል። ተማሪው ይህንኑ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ እንዲህ ያደርገዋል፦ «ሂ ጎት አፕ, ሂ ዎሽድ ሂዝ ፌስ, ሂ ኤት ብሬክፋስት, ሂ ዌንት ቱ ስኩል.» ኮማዎቹን ያስቀመጠው አማርኛው በሚያስቀምጥበት ቦታ ነው። ችግሩ በእንግሊዝኛው አራቱም ግሶች ማሰሪያ መሆናቸው ነው፤ እያንዳንዳቸው ባለቤትና ጊዜ አላቸው፣ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ይቆማሉ። እንዲህ ያሉትን ለማያያዝ የኮማ አቅም አይበቃም።

ለዚህ የሚሆን አንድ ቆጠራ አለ። መጀመሪያ ተማሪው ባለቤትና ጊዜን የሚያሳይ ግስ የተገናኙበትን ቦታ ሁሉ ያስምር፤ ይህን «ጥንድ» በሉት። ቀጥሎ አያያዥ ቃላትን ያክብብ፦ ኤንድ፣ በት፣ ሶ፣ ኦር፣ ቢኮዝ፣ ዌን፣ አፍተር፣ ኢፍ፣ ኦልዞው፣ ሁ፣ ዊች፣ ዛት። ከዚያ በአንድ ነጥብና በሚቀጥለው ነጥብ መካከል ያሉትን ይቁጠር። አያያዦቹ ከጥንዶቹ በአንድ ብቻ ማነስ አለባቸው። አንድ ጥንድ ከሆነ አያያዥ የለም፤ ሁለት ከሆነ አንድ፤ ሦስት ከሆነ ሁለት።

ከላይ ያለው ምሳሌ አራት ጥንድ ይዞ አያያዥ የለውም። ሦስት ጎድሎታል። እያንዳንዱን ጉድለት ወይ በነጥብና በትልቅ ፊደል፣ ወይ በአያያዥ ቃል ይሙላው፦ «ሂ ጎት አፕ ኤንድ ዎሽድ ሂዝ ፌስ. አፍተር ሂ ኤት ብሬክፋስት, ሂ ዌንት ቱ ስኩል.» ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ሁለት ጥንድና አንድ አያያዥ አለው፤ ልክ ነው። በመጀመሪያው ላይ «ሂ» አንዴ ብቻ ስለተጻፈና ሁለቱ ግሶች ስለተጋሩት አንድ ጥንድ ብላችሁ ቁጠሩት። በእንዲህ ያለ ቦታ «ኤንድ» የሚያያይዘው ሁለት ግሶችን እንጂ ሁለት ጥንዶችን ስላልሆነ አይቆጠርም። ዕቃዎችን ሲዘረዝር የሚመጣው «ኤንድ»ም እንዲሁ፤ «ዛት ቡክ» ሲል «ያ» ለማለት የሚገባው «ዛት»ም እንዲሁ።

የዚህ ቆጠራ ትልቁ ጥቅም ሦስት የተለያዩ ስህተቶችን በአንድ መረብ መያዙ ነው። «ቢኮዝ ሂ ዎዝ ሲክ.» ብሎ ነጥብ ያስቀመጠ ተማሪ አንድ ጥንድና አንድ አያያዥ አለው፤ አያያዡ በዝቷል፣ ሐሳቡ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ከፊት ካለው ዓረፍተ ነገር ጋር ይቀጥለው። «ኦልዞው ሂ ዎዝ ሲክ, በት ሂ ኬም.» ያለው ደግሞ ሁለት ጥንድና ሁለት አያያዥ አለው። ይህኛው ከአማርኛ በቀጥታ የመጣ ነው፤ «ምንም እንኳ ቢታመምም ግን መጣ» ማለት ለእኛ ጆሮ ደህና ነው። እንግሊዝኛ ግን ወይ «ኦልዞው»ን ወይ «በት»ን ይመርጣል፤ አንዱ ይውጣ።

ቆጠራውን የሚያታልሉ ቃላትም አሉ። «ዘን»፣ «ሃውኤቨር» እና «ዜርፎር» አያያዥ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። «ኢት ሬይንድ, ሃውኤቨር ዊ ዌንት.» ስህተት ነው፤ «ኢት ሬይንድ. ሃውኤቨር, ዊ ዌንት.» ይባላል። «አይ ኖው ሂ ኢዝ ሂር» ደግሞ «ዛት» ተውጦ ስለሆነ ትክክል ነው፤ ለጀማሪ ግን «ዛት»ን እንዲጽፋት ብታደርጉ ቆጠራው ይሠራለታል።

ኮማን ቆጥቡ

«ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ ኮማ አድርግ» የሚለውን ምክር ተዉት። ትንፋሽ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ተማሪውን ባለቤትና ግስ መካከል እንዲቆርጥ ያደርገዋል። «ዘ ቡክስ ኦን ዘ ቶፕ ሼልፍ, አር ኦልድ.» የሚለው እንዲህ የተፈጠረ ነው፤ ባለቤቱ ስለረዘመ ትንፋሽ ተወሰደ፣ ኮማም ገባ። መጽሐፎቹና እርጅናቸው መለያየት የለባቸውም።

ለጀማሪ አራት ቦታ ይበቃል፦ ዝርዝር ውስጥ፤ ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን ከሚያያይዙት «ኤንድ»፣ «በት» እና «ሶ» በፊት፤ በ«ዌን»፣ «ኢፍ» ወይም «አፍተር» የሚጀምር ሐሳብ ቀድሞ ሲመጣ መጨረሻው ላይ፤ «ሂ ሴድ» ከሚለው ቀጥሎ ከጥቅስ በፊት። ከላይ ካየነው ከ«ሃውኤቨር» ኮማ በቀር ሌላው ቦታ ሁሉ ለጊዜው ያለ ኮማ ይለፍ። «ቢኮዝ» መሃል ላይ ሲመጣ ከፊቱ ኮማ አያስፈልግም፤ «ዛት» ፊትም እንዲሁ። በዝርዝር መጨረሻ ከ«ኤንድ» በፊት ኮማ ይግባ አይግባ ሁለት ልማድ አለ፤ አንዱን ይምረጥና እስከ ጽሑፉ መጨረሻ ይጽና። ድርብ ሰረዝን በአማርኛ እንደልባችን ስለምንጠቀምበት ተማሪው ሴሚኮለንን ይወዳታል፤ ቆጠራውን ሳይለምድ ግን አትስጡት።

ስለ ክፍተትም ልብ በሉ። አራት ነጥብን ከቃሉ አርቆ መጻፍ ስለተለመደ ተማሪዎች የእንግሊዝኛውንም ነጥብ ያርቁታል። የእንግሊዝኛ ነጥብ፣ ኮማና የጥያቄ ምልክት ከፊታቸው ካለው ቃል ጋር ይጣበቃሉ፤ ክፍተቱ ከኋላቸው ነው፣ እሱም አንድ ብቻ። ተራርቆ ከተጻፈ መስመር ሲያልቅ ነጥቡ ብቻውን ወደ ታች ወርዶ በአዲስ መስመር መጀመሪያ ላይ ይገኛል።

«እሄዳለሁ አለ»

እዚህ ላይ የምልክት ስህተት የተነገረለትን ሰው ይቀይራል። «ዳዊት ነገ እሄዳለሁ አለ» ስንል የሚሄደው ዳዊት ነው፤ የትእምርተ ጥቅስ መኖር አለመኖር አያሳስበንም። ተማሪው ቃል በቃል ወስዶ «ዳዊት ሴድ አይ ዊል ጎ ቱሞሮው.» ብሎ ቢጽፍ ግን እንግሊዝኛ አንባቢ «አይ»ን ጽሑፉን የጻፈው ሰው አድርጎ ነው የሚረዳት። ሄያጁ ተቀየረ ማለት ነው።

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው የዳዊትን ቃል እንዳለ መጥቀስ፦ ከ«ሴድ» በኋላ ኮማ፣ ከዚያ የጥቅስ መክፈቻ፣ የመጀመሪያው ቃል በትልቅ ፊደል፣ መጨረሻ ላይ ነጥብ፣ ከነጥቡ በኋላ የጥቅስ መዝጊያ። ብዙዎች ነጥቡን ከመዝጊያው ውጭ ያስቀምጡታል፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲጠቀስ ግን ውስጥ ነው። ሁለተኛው መንገድ ጥቅሱን ትቶ ባለቤቱን፣ ግሱንና ቀኑን መቀየር፦ «ዳዊት ሴድ ዛት ሂ ዉድ ጎ ዘ ኔክስት ዴይ.» ሁለቱን አቀላቅሎ «ዛት» ብሎ ጥቅስ የሚከፍት ተማሪ ብዙ ነው፤ አንዱን እንዲመርጥ አድርጉት።

ጥያቄ ሲጠቀስም እንዲሁ ነው። «ሂ አስክድ, “ዌር ኢዝ ዘ ኪ?”» ብሎ በጥቅስ ከጻፈ የጥያቄ ምልክት አለው። ያለ ጥቅስ ከሆነ «ሂ አስክድ ዌር ዘ ኪ ዎዝ.» ይሆናል፤ የጥያቄ ምልክቱ ወጥቷል፣ «ዎዝ»ም ወደ መጨረሻ ሄዷል። «አይ ዶንት ኖው ዌር ኢዝ ሂ» የሚለውን ስህተት የምታርሙት በዚሁ ሕግ ነው።

አፖስትሮፊን፣ ከፊደል አናት ጎን የምትንጠለጠለውን ትንሽ ጭረት፣ በአጭሩ፦ ሥራዋ ሁለት ነው፤ የተዋጠ ፊደልን ትተካለች፣ ባለንብረትን ታሳያለች። ብዙ ቁጥር አታወጣም። «ኢት'ስ» እና «ኢትስ» ሲምታቱበት «ኢት ኢዝ» ወይም «ኢት ሃዝ» ብሎ ዘርግቶ ያንብበው፤ ከሄደ አፖስትሮፊ ይግባ፣ ካልሄደ ይውጣ። ባለንብረት ላይ ደግሞ ባለንብረቱን ብቻ ይጻፍ፣ ከዚያ ምልክቱን መጨረሻው ላይ ያድርግ። ተማሪው አንድ ከሆነ «ስቱደንት» ጽፎ አፖስትሮፊና ኤስ፤ ብዙ ከሆኑ «ስቱደንትስ» ጽፎ አፖስትሮፊ ብቻ።

ግልጽ አሰካክ

«ሄደ» ስንል ማን እንደሄደ ግሱ ነግሮናል። ስለዚህ ተማሪው «ዌንት ሆም» ብሎ ይጽፋል፤ «ኢዝ ቬሪ ኮልድ ቱዴይ» ይላል። እንግሊዝኛ ባለቤት የሌለው ግስ የሚቀበለው በትእዛዝ ብቻ ነው፤ የሚባል ባለቤት ባይኖር እንኳ «ኢት»ን ያስቀምጣል። ከያንዳንዱ ያሰመረበት ግስ ፊት ጣቱን አሳርፎ «ማን? ምን?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱ ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ ጎድሏል።

ተቃራኒው ስህተት ደግሞ እዚህ አለ፦ «ዘ ቡክ ዛት አይ ቦት ኢት ኢዝ ኒው.» ይህ «ኢት» ከየት መጣ? «የገዛሁት መጽሐፍ» ውስጥ ካለችው «ት» ነው። አማርኛ የተገዛውን ነገር ግሱ ላይ መልሶ ያመለክታል፤ እንግሊዝኛ ግን «ዛት» ያንን ሥራ ሠርታ ጨርሳለች። ተማሪው የራሱን አማርኛ አጠገቡ ጽፎ «ት»ን ሲያያት ቶሎ ይገባዋል። ከዚያ በኋላ «ኢት»ን ራሱ ይሰርዛታል።

የቃላት አጠቃቀሙንም እንዲሁ ጎን ለጎን አሳዩት። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል «ዲስከስ አባውት» ይመጣል፤ «ዲስከስ» ግን «ስለ»ን በውስጧ ይዛለች። «ቴሌቪዥኑን ክፈት» ስለምንል «ኦፕን ዘ ቲቪ» ይመጣል፤ «ተርን ኦን» ነው የሚባለው። «ከእሱ ጋር ተጋባች» ስለምንል «ሺ ሜሪድ ዊዝ ሂም» ይመጣል፤ «ዊዝ» ትውጣ። እነዚህን በደብተሩ ጀርባ ሁለት ዓምድ ሠርቶ፣ በግራ አማርኛውን በቀኝ እንግሊዝኛውን፣ እያጠራቀመ ይሂድ።

ዓረፍተ ነገሩ ከመጠላለፉ የተነሳ ምን ማለት እንደፈለገ ካልገባችሁ ለማረም አትሞክሩ። ወረቀቱን አስቀምጡና በአማርኛ ይንገራችሁ። ከዚያ ማን፣ ምን አደረገ፣ ምንን የሚሉትን ሦስቱን ብቻ በእንግሊዝኛ በዚህ ቅደም ተከተል ይጻፍ። የት እና መቼ ከኋላ ይቀጠሉ። ለጀማሪ አንድ ዓረፍተ ነገር ከ15 ቃል እንዳይበልጥ ወስኑለት። ገደቡ ለዘላለም አይደለም፤ ቆጠራውን ሳይሳሳት መሥራት ሲጀምር ታነሱለታላችሁ።

እርማቱ ራሱ

በአንድ ወረቀት ላይ ከሁለት ዓይነት ስህተት በላይ አታርሙ። ገጹ በሙሉ ሲቀላ ተማሪው የትኛው እንደሚከብድ አያውቅም፤ ሁሉንም ገልብጦ ይረሳዋል። ምርጫው ሲያስቸግራችሁ መልእክቱን የሚያጠፋውን አስቀድሙ፤ የ«ዳዊት ሴድ» ስህተት ከአንድ የጎደለ ትልቅ ፊደል ይበልጣል። ከዚህም በፊት ስለጻፈው ነገር አንድ ቃል በሉት፤ የተነበበ መሆኑን ያላወቀ ተማሪ ለማረም አይተጋም።

ስህተቱ ላይ ሳይሆን ኅዳጉ ላይ፣ በመስመሩ ትይዩ ነጥብ አድርጉ። ሁለት ስህተት ካለ ሁለት ነጥብ። ቦታውን ራሱ ይፈልግ። ካላገኘው ብቻ ቃሉን አሳዩት፤ አሁንም ካልሆነለት መልሱን ስጡት። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ፈልጎ ያገኘውን አይረሳውም።

ተማሪው ከማስረከቡ በፊት ሦስት ጊዜ ይለፍበት፤ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ነገር ብቻ ይይ። በመጀመሪያው ጥንድና አያያዥ ይቁጠር። በሁለተኛው እያንዳንዱን ነጥብ በባለቀለም እርሳስ ያክብብና ቀጥሎ ያለው ፊደል ትልቅ መሆኑን፣ «አይ» እና ስሞችም አለመዘለላቸውን ይመልከት። በሦስተኛው ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ወደ ላይ፣ አንድ በአንድ ድምፁን አውጥቶ ያንብብ። ከላይ ወደ ታች ሲያነብ ሐሳቡ ይወስደውና የሌለውን ቃል እንዳለ አድርጎ ያነበዋል፤ ከታች ሲጀምር ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ብቻውን ስለሚቆም ጉድለቱ ይታያል።

በመሃል ለልምምድ የሚሆን አንድ ሥራ፦ ከደረጃው ያልከበደ ከ60 እስከ 80 ቃል ያለው አንቀጽ ምረጡ። ምልክቶቹን ሁሉ አውጡ፣ ፊደሉን ሁሉ ትንሽ አድርጉ፣ ገልብጣችሁ ስጡት። አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ሲጨርስ ዋናውን አውጡና ያስተያይ፤ የተለያየበትን ቦታ ቁጠሩና ቀን ጽፋችሁ መዝግቡ። አንድ ዓይነት ስህተት በሦስት ተከታታይ ሥራ ካልታየ ከምትከታተሏቸው ስህተቶች ዝርዝር ሰርዙትና የሚቀጥለውን አስገቡ።